ከጦሳ ሥር እስከ ቦርከና፦ ክረምት ከበጋ የሚያስነዳ የብስክሌት ጎማ

የተራራ ብስክሌት ጎማ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ጥርሱን ነው። «ይኸው ጥርሱን እዩት፤ ጭቃ አይበግረውም» ይላችኋል። የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ከሆናችሁ በዚህ ብቻ ብራችሁን አታውጡ። ጎማ የሚመረጠው በጥርሱ ትልቀት ሳይሆን በምትነዱበት አፈር ነው። የእኛ አካባቢ አፈር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራዬ ግን ከደሴ ዙሪያ እስከ ቃሉ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ይወስደኛል። ሞተር ሳይክል ለሁላችንም አይዳረስም፤ ስለዚህ የምሄደው በብስክሌት ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ የክትባት ሳጥን አስራለሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ ማለት ነው። መንገድ ላይ ጎማ ከከዳኝ የሚቀረው የእኔ ጉዞ ብቻ አይደለም። ገበሬው ፍየሎቹን ከጠዋት ጀምሮ ሰብስቦ ይጠብቃል፤ ደስታ መሰል የሚባለው የፍየልና የበግ ተላላፊ በሽታ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለ ጎማ ይህን ያህል የምጨነቀው ለዚህ ነው።

መሬቱን ሳላሳያችሁ ጎማውን ብነግራችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዞ ይወርዳል። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ጎማ የማያየው ጉድ የለም። ደሴ ከቤት ስትወጡ ኮብልስቶን ነው። ክረምት ላይ ድንጋዩ ሙልጭ ያለ ነው፤ ዳር ዳሩን የድንጋይ ሽበት ያበቅላል። ከዚያ አስፋልት። ወደ ጦሳ በኩል ከወጣችሁ የባሕር ዛፍ ሥርና የረገፈ ቅጠል አለ፤ ሲረጥብ ክፉኛ ያዳልጣል። የገጠሩ መንገድ ኮረኮንች ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ ሜዳ ስትገነጠሉ ደግሞ ዋልካ ይጠብቃችኋል።

ዋልካ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጎማ ምርጫው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። ዋልካ ሸክላነቱ የበዛ ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ ስንጥቁ የፊት ጎማ ይዞ ማስቀረት ይችላል። ብዙ ሰው ጭቃ የሚከፋው ዝናብ እየዘነበ ሳለ ይመስለዋል። ዋልካ ላይ ግን ከባዱ ሰዓት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ውሃው ብዙ ሲሆን ጭቃው ቀጭን ነው፤ ያንሸራትታል እንጂ ብዙ አይጣበቅም። ፀሐይ ወጥታ በከፊል ሲደርቅ ነው መያዝ የሚጀምረው። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬሙና ጎማው መካከል ገብቶ ይሞላል፣ ከዚያ ጎማው አልዞር ይላል። ገበሬው ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ሐኪሙ፣ አሁን አትሂድ፤ ወይ ጠዋት ሳይጠነክር፣ ወይ ነገ ሲደርቅ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው።

ሌላው ነገር የዝናቡ ወቅት ነው። ወሎ ላይ በልግም ክረምትም አለ። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። የውጭ አገር ብስክሌተኞች ምክር ብዙ ጊዜ «ለጭቃው ወራት አንድ ጎማ፣ ለደረቁ ወራት ሌላ ጎማ» ነው። እኛ ጋ ይህ ምክር አይሠራም። ጎማ ስንፈታና ስንገጥም ዓመቱ ያልቃል። በዚያ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ደረቅ አስፋልትና ማጥ ታገኛላችሁ። ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ሲያካፋ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ዓመቱን ሙሉ የማይወልቅ ጎማ ነው።

ብስክሌቴ ላይ ተገጥሞ የመጣው ጎማ ስሙን የማልጠራው ርካሽ ጎማ ነበር። ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎማው ራሱ እንደ ፕላስቲክ የደረቀ። ደረቅ መንገድ ላይ አልከፋኝም። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን ፍሬን ስይዝ ብስክሌቱ በራሱ መንገድ ይሄድ ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም።

ከዚያ የሞከርኩት የጭቃ ብቻ ተብሎ የተሠራ ጎማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ብስክሌተኛ ነው ያዋሰኝ። እንዲህ ዓይነቱ ጎማ ጥርሱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ይራራቃል። የተሠራው ለውድድር ነው፤ ዝናብ ላይ ቁልቁል ለሚወርዱ ሰዎች። ቦርከና ሜዳ ላይ ስነዳው ደስ አለኝ። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፣ ትንሽ ፍጥነት ስጨምር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያጸዳል። ይህን ያህል የሚቆነጥጥ ጎማ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ወደ ደሴ ስትወጡ አስፋልት ነው፤ ሐረጎ ዳገት ነው። ረጃጅሞቹ ጥርሶች አስፋልት ላይ ይተጣጠፋሉ። ጉልበታችሁ ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ጎማውን በማጠፍ ያልቃል። ቁልቁለት ላይ ጠመዝማዛው ጋ ስታጋድሉ ደግሞ ጥርሶቹ ከሥር ሲንቀሳቀሱ ይሰማችኋል፤ እምነት አይሰጥም። ኮብልስቶን ላይም ቢሆን ያው ነው፤ ሙልጭ ያለ ድንጋይ የሚይዘው ሰፊ የጎማ ገጽ እንጂ ሹል ጥርስ አይደለም። ለስላሳ ጎማ ስለሆነ አስፋልት ቶሎ ይበላዋል። ቦርከና ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ካለ ይግዛው። ከደሴ ለሚነሳ ሰው ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ከሥራዬ አንድ ነገር ላንሳ። የፍየል ሰኮና ለሁለት የተከፈለ ነው። ጭቃ ስትረግጥ ይከፈታል፤ እግሯን ስታነሳ ይገጥማል፤ ያዘው የነበረው ጭቃ ይወድቃል። የፈረስ ሰኮና ግን አንድ ወጥ ነው። ዋልካ ላይ ከሥር ይሞላል፤ በብረት ካልጠረጋችሁለት እንደተሞላ ይሄዳል። ጎማም እንደዚሁ ነው። ዋናው የጥርሱ ርዝመት ሳይሆን በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ጎማው ሲዞር ጭቃውን ይተፋል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ይሞላል፤ አንዴ ከሞላ ጥርስ አለው የለውም ለውጥ የለውም።

ስለ ስፋትም የሚባል ነገር አለ። የድሮ የጭቃ ጎማ ቀጭን ነው፤ 1.8 ወይም 2.0 ኢንች። ሐሳቡ ቀጭኑ ጎማ ላዩን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል ነው። ከላይ ስስ ጭቃ፣ ከሥር ድንጋይ ባለበት ቦታ ልክ ነው። ከደሴ በላይ ባሉ ገጠሮች፣ ኮረኮንቹ ላይ ጭቃ ሲጋገር፣ ይሠራል። ዋልካ ላይ ግን ከሥር ጠንካራ መሬት የለም። አፈሩ ከአንድ ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለ። ቀጭን ጎማ እዚያ ላይ እየቆፈረ ይገባል እንጂ የሚያርፍበት አያገኝም። በጣም ሰፊው ደግሞ፣ 2.5 እና ከዚያ በላይ ያለው፣ ከፍሬሙ ጋር ቦታ ይጣላል። ጎማውና ፍሬሙ መካከል ቢያንስ ጣት የምታህል ክፍተት ከሌለ ዋልካ እዚያ ይጋገራል። ለእኔ ብስክሌት ልኩ 2.25 እና 2.3 ሆኖ አግኝቸዋለሁ። የእናንተን ጣታችሁን አስገብታችሁ ለኩ፤ ከኋላ፣ ከፔዳሉ ጀርባ ያለው ቦታ ነው ሁልጊዜ የሚጠበው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ሁለት የማይመሳሰሉ ጎማዎች ግጠሙ። የፊቱ ለጭቃ ይሁን፣ የኋላው ለመንገድና ለእሾህ።

ይህን መጀመሪያ ያስገባኝ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። ሱቅ የለውም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው። አንድ ጥሩ ጎማ ብቻ የሚገዛ ብር ነበረኝ፤ የኋላው ስለተላጨ ለኋላ ልገዛ ነበር።

«ጋሼ፣ የቱን ልለውጥ?» አልኩት።

«የፊቱን።»

«የኋላው እኮ ነው ያለቀው።»

«ሐኪሙ፣ የኋላው ቢያዳልጥ ወገብህ ያስተካክለዋል። የፊቱ ካዳለጠ ማን ያስተካክለዋል? አዲሱን ፊት አድርገው፤ የፊቱን ወደ ኋላ አምጣው። ስትፈልግ ደግሞ የኋላውን ትገዛለህ። አብሽር።»

እውነቱን ነው። የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ ሲዞር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቢብስ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። የፊት ጎማ ሲከዳ ግን መሪው ከእጃችሁ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለሚሄድ ፍሬን የሚይዘው በአብዛኛው የፊቱ ነው። ብር ካነሰ፣ ያለችውን ፊት ላይ አውሏት።

ፊት ላይ ያለኝ ማክሲስ ሃይ ሮለር ሁለት ነው፤ 27.5 በ2.30 (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው መጠን፣ ሁለተኛው ስፋቱ ነው፣ በኢንች)። ማክሲስ የታይዋኑ የቼንግ ሺን ኩባንያ ምርት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ ነው። በነገራችን ላይ ገበያ ላይ ረከስ ብሎ የሚገኘው ሲኤስቲ የሚል ጎማም የዚሁ ኩባንያ ነው። የሃይ ሮለር ጥርስ እንደ ውድድር ጭቃ ጎማ የረዘመ አይደለም። መካከለኛ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ስል። ክፍተቱ ግን ሰፊ ነው። ዳርና ዳር ያሉት ጥርሶች ወፍራምና ጠንካራ ስለሆኑ አስፋልት ላይ ስታጋድሉ አይተጣጠፉም። ዋልካ ላይ ጭቃውን ይተፋል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን መንገዳችሁን ለመቀጠል የሚበቃ ያህል። ከጦሳ ሥር ባሕር ዛፉ መካከል ስወርድ የረጠበውን ቅጠል በጥርሱ ጠርዝ ገፍቶ አፈሩን ይደርስበታል። የጎኑ ግድግዳ ኤክሶ የሚባል መከላከያ ያለው ነው፤ ስል ድንጋይ በበዛበት ኮረኮንች ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎማ ጎን ከተቀደደ ጎሚስታ ብዙም አያድነውም።

የጎማው ልስላሴም መታየት አለበት። አምራቾቹ በቁጥር ይጽፉታል፤ ሾር ኤ በሚባል መለኪያ። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል። 42 በጣም ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። 60 ጠንከር ያለና የሚቆይ ነው። አንዳንድ ጎማ ሁለቱን ያዋህዳል፤ መሐሉ ጠንካራ፣ ዳሩ ለስላሳ። ለእኛ መንገድ ይህ ነው የሚሻለው። መሐሉ ለአስፋልቱ ይቆያል፤ ዳሩ ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፉ ይይዛል። ቁጥሩን ላላገኘ ሰው አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ጥፍራችሁን ጥርሱ ላይ ተጫኑት። ጥፍር ገብቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ለስላሳ ነው። ጨርሶ ካልገባ እርጥብ ድንጋይ ላይ አትመኑት።

ኋላ ላይ የገጠምኩት ሽዋልቤ ስማርት ሳም ፕላስ ነው፤ 27.5 በ2.25። ሽዋልቤ የጀርመን ነው። ይህ ጎማ ከፊቱ ፍጹም ይለያል። መሐሉ ላይ ጥርሶቹ ተቀራርበው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ አስፋልት ላይ ሳይንገጫገጭ ይንከባለላል። ዳርና ዳሩ ላይ ነው ክፍት ጥርስ ያለው። ግን የገዛሁት ለጥርሱ አይደለም። ከጥርሱ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእሾህ መከላከያ ሽፋን አለው። ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ስትወርዱ፣ በባቲ በኩልም፣ ግራር ነው። በጋ ላይ አጥር የሚያጥረው ሰው የቆረጠው ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ይቀራል። የግራር እሾህ ተራውን ጎማ እንደልቡ ይበሳዋል። ይህን ከገጠምኩ ወዲህ እሾህ ነቅዬ ዝም ብዬ መንዳት ለምጃለሁ።

ጥልቅ ዋልካ ውስጥ ዳገት ስወጣ የኋላው ይዞራል። ለጭቃ ብቻ የተሠራ ጎማ ስላልሆነ ይህን ከእሱ አልጠብቅም። እዚያ ጋ ወርጄ ሳሩ ዳር ዳሩን እገፋለሁ። ይህች ትንሽ መንገድ ናት፤ በተረፈው መንገድ ሁሉ የማተርፈው ይበልጣል። ከባድ መሆኑንም ልደብቃችሁ አልችልም። ሐረጎን ስትወጡ ክብደቱ ይሰማል። እኔ ግን ክትባት ሳጥን ይዤ ፀሐይ ላይ ጎማ ከምለጥፍ ትንሽ ብተነፍስ እመርጣለሁ። ለሁለቱ ጎማዎች የከፈልኩት አንድ ደህና ሙክት ይገዛል። እንደዚያም ሆኖ ሁለቱንም ዛሬም መልሼ እገዛቸዋለሁ።

ብሩ ካልደረሰላችሁ ጠጋኙ የሚሠራውን ዘዴ ልንገራችሁ። አሮጌ የውስጥ ጎማ በቁመቱ ይቆርጥና ጠፍጣፋ አድርጎ በውጩ ጎማና በአዲሱ የውስጥ ጎማ መካከል ያነጥፈዋል። ክብደት ይጨምራል። ጫፉ በደንብ ካልተስተካከለ የውስጡን ጎማ ይፍቀዋል። በጥንቃቄ ከተሠራ ግን ለኋላ ጎማ ደህና መከላከያ ነው። የውስጥ ጎማ የሌለውን፣ ፈሳሽ የሚጨመርበትን ዘዴ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ ትንንሽ ቀዳዳ በራሱ ይደፍናል። ፈሳሹ ግን በወራት ውስጥ ይደርቃል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል፤ በየጊዜው መጨመር አለበት። ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ገብታችሁ የምታገኙት ዕቃ አይደለም። ለጊዜው የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ይሻላሉ።

የአየር ግፊት ነገር ከጎማው ምርጫ እኩል ነው። ጥሩ ጎማ ገዝቶ እንደ ድንጋይ አስነፍቶ የሚነዳ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለመኪና ነው። «ይበቃል?» ብሎ በእጁ ጫን አድርጎ ይለቃችኋል፤ ያ ብዙ ጊዜ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያልፋል። እኔ 68 ኪሎ ነኝ። በጋ ላይ ፊቱን 30፣ ኋላውን ሳጥኑ ስላለ 36 አደርገዋለሁ። ክረምት ላይ ፊቱን 25 ወይም 26፣ ኋላውን 32። ግፊቱ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፤ መሬቱን ይበልጥ ይነካል፤ ጭቃውንም ሲተጣጠፍ ያራግፋል። ከዚህ በታች ስትወርዱ ግን ድንጋይ ስትመቱ ጎማው እስከ ቸርኬው ይጨፈለቅና የውስጡ ጎማ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ጨምሩ። ትንሽ መለኪያ ግዙ፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

የውስጥ ጎማ ስትገዙ አፉ የመኪና ዓይነት ወፍራም ቫልቭ ያለው ይሁን። ቀጭኑን አፍ ጎሚስታ ያለ ማገናኛ አይነፋውም፤ ገጠር ላይ ማገናኛ አታገኙም። ለቸርኬያችሁ ቀዳዳ መብቃቱን አስቀድማችሁ እዩ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጎማ «በከፍታው ምክንያት ይፈነዳል» የሚሉ አሉ። አይፈነዳም። በዚህ 650 ሜትር ልዩነት የግፊቱ ለውጥ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ የውጩ አየር ስለሚጨምር ልኬቱ እንዲያውም ይቀንሳል። የኮምቦልቻ ሙቀት ያችን መልሶ ይተካታል። የሚያፈነዳው ሌላ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ብስክሌት ካላችሁ፣ ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዛችሁ ከወረዳችሁ ቸርኬው ይግላል። ግለቱ የውስጡን ጎማ ያበላሸዋል። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ መሐል ላይ ቆም ብላችሁ አቀዝቅዙ። የዲስክ ፍሬን ይህ ችግር የለበትም።

ሱቅ ውስጥ የምታዩአቸው ነገሮች አሉ። ጎማው በፀሐይ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ ከሆነ ጎኑን በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጥቃቅን ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት፤ አዲስ ቢባልም ያረጀ ነው። ጎኑ ላይ ቲፒአይ የሚል ቁጥር ይኖራል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት ነው። 120 ቀጭን ክር ነው፤ ጎማው ቀላልና ለስላሳ ይሆናል። 60 ክሩ ወፍራም ነው፤ ለኮረኮንችና ለእሾህ ይሄ ይሻላል። የጎማው ጠርዝ ሽቦ ወይም የሚታጠፍ ክር ሊሆን ይችላል። የሚታጠፈው ይወደዳል፤ ግን በሻንጣ ተጣጥፎ ስለሚመጣ ከሩቅ ለሚያስመጣ ሰው ይመቻል። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት አለ። ቀስቱን ገልብጦ የሚገጥም ጠጋኝ አይቻለሁ፤ ተገልብጦ ሲገጠም የጥርሱ ስል ጠርዝ ለፍሬን አይሠራም። ሲገጥምላችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ዋልካ ላይ ስትነዱ ጥቂት ነገር ያግዛችኋል። መሐል መንገዱን፣ በሬና ጋሪ ያቦካውን፣ ተዉት። ዳሩ ላይ ሣር ካለ በሣሩ ሂዱ፤ የሣሩ ሥር አፈሩን ይዞታል። የታረሰ ማሳ ግን አትንኩ፤ ጤፍ የተዘራበት ማሳ ላይ ብስክሌት መንዳት ነውር ነው። ጭቃው መጠቅለል ሲጀምር ቆማችሁ በእንጨት ጥረጉት። «ትንሽ ልሂድና» ካላችሁ ካቴናው ውስጥ ይገባል። ቦርከና ወይም መስኖ ቦይ ስታገኙ ጎማውን አጥቡት። ቤት ስትደርሱ ካልታጠበ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ጥርሱ ሥር ያለውን ስንጥቅም ይሸፍንባችኋል።

ደሴ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ፣ ከፒያሳ ሮቢት፣ ከሮቢት ሸዋ በር፣ ይህን ሁሉ ብር አታውጡ። ለስላሳ ጎማና ዝቅ ያለ ግፊት ይበቃችኋል፤ የጥርስ ነገር ለእናንተ ሁለተኛ ነው።

የመጨረሻው የልክ ነገር ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነ «27.5» ብላችሁ በቃል አትላኩት፤ 27 ኢንች ይዞ ይመጣል፤ ያ ሌላ ቸርኬ ነው፣ ልኩ 630 ነው። አሮጌው ጎማችሁ ጎን ላይ ሰረዝ ያለው ቁጥር አለ፤ 57-584 ዓይነት። ሁለተኛው ቁጥር የቸርኬው ልክ ነው፤ እሱ በምንም አይለወጥም። ለ27.5 ቁጥሩ 584 ነው፣ ለ26 ኢንች 559፣ ለ29 ደግሞ 622። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ብትጨምሩ ወይም ብትቀንሱ ችግር የለም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከሥሩ «የፊት» ወይም «የኋላ» ብላችሁ፣ ከብሩ ጋር ስጡት።